ጣት አይዋስም ያልኩበት በር

ጡረታ ከወጣሁ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም፤ የምንኖርበት የኪርያት ሀሻሮን ሕንፃ ኮሚቴ ግን ለአራተኛ ጊዜ ስብሰባ ጠርቶኛል። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። ለታችኛው በር የትኛው አንባቢ ይገዛ? አንባቢ የምንለው ከበር አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካርድ ወይም ቁጥር ወይም ጣት የሚቀበለውንና በሩን የሚከፍተውን ሣጥን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ካርድ ይሁን ይላል። ሰባተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ካርድ ይጠፋል፣ የምስጢር ቁጥር ይሁን ትላለች። አንዱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ መጥቶ ስለ ጣት አሻራ ሰባኪ ይሆንብናል። ሲደክማቸው ሁሉም ወደ እኔ ይዞሩና፣ «አንተ ባለሙያ ነህ፣ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ በናታንያ ከተማ በሮች ሥር ስቆም የሰማሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። «ለማን ነው የሚሻለው?» ብዬ ስመልስላቸው እንደ ነገረኛ ሽማግሌ ያዩኛል። እንግዲያው አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ገብቼ፣ ዕብራይስጥ እንደ ነገሩ ተምሬ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር የተቀበለኝ ቪክቶር የሚባል የትሪፖሊ ሰው ነው። ከመሀል ከተማው አደባባይ ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት የቁልፍ ሱቅ ነበረችው። ስሜ ታደለ ነው፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ዳኒ አለኝ፤ ዳኒ እንደተባልኩ ጡረታ ወጣሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ስለው፣ «እንግዲያው ብረት አትፈራም» አለና መሰርሰሪያውን ሰጠኝ። የሥራ ውሉ ይኸው ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ደመወዝ ነበር፣ ያም ወሩን አይጨርስም ነበር።

ቪክቶር አንድ ልማድ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያሳብደኝ ምንም አልቀረው። አዲስ በር ሊሠራ ሲሄድ ከመሣሪያ ሣጥኑ በፊት የሚያነሣው ተጣጣፊ ወንበሩን ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ዘርግቶ ይቀመጥና የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት። እኔ ሣጥኑን ተሸክሜ በፀሐይ እቆማለሁ። አንድ ቀን መረረኝና፣

«ምንድን ነው የምታየው?» አልኩት።

«እጅ» አለኝ። «በሩ የትም አይሄድም፣ ኋላ ታየዋለህ። ሰውየው በቀኝ እጁ ምን እንደያዘ፣ በግራው ምን እንደያዘ፣ ቁልፉን ከየት እንደሚያወጣ እይ። ከሁሉ የሚቸገረውን ሰው ፈልግ። ለእሱ የሚሆን በር ለሌላውም ይሆናል።»

ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ በሁለት እጁ ብርቱካን የሞላ ከረጢት አንጠልጥሎ በሩን ራሱ ከፍቶ ይገባል። ከረጢቱን መሬት ማስቀመጥ ካስፈለገው ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ነቅለን እንደገና እንተክላለን። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ምሳዬን ሳልበላ ውያለሁ! ግን ከእሱ የተማርኩት ሁሉ እጄ ላይ ነው። ሽቦውን ወደ ሣጥኑ ከማስገባትህ በፊት ወደ ታች አጉብጠው፣ ዝናቡ ከጉብታው ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር። በዚህ ከተማ የባሕሩ ጨው መዳብ ይበላል፤ መጋጠሚያውን ቅባት ሳትቀባ አትዝጋ። ኤሌክትሪክ ቢኖርም ባይኖርም፣ ሰንበት ቢሆንም ባይሆንም የሚከፍት ተራ ቁልፍ የሌለው በር አትሥራ።

ስለ ምስጢር ቁጥር ያስተማረኝም በአንድ ጠዋት ነው። አደባባዩ አጠገብ ያለ አንድ ሕንፃ፣ ሌባ አስቸገረን ብሎ ጠራን። ቪክቶር በሩ ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ አየና፣ ቀርቦ አራት ጊዜ ነካካው፤ በሩ ተከፈተ። ነዋሪዎቹ ደነገጡ። ለካ ሰሌዳው ከተተከለ ጀምሮ ቁጥሩን የለወጠው ሰው የለም፤ ከአሥሩ ቁልፎች አራቱ ብቻ በጣት ብዛት ተፍቀው ነጥተዋል። አራቱን አውቆ ማገጣጠም ማንን ያቅተዋል?

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ በኋላ ቪክቶር ልቡን አመመውና ሱቁን ኮቢ ለሚባል ጎረምሳ ሸጠለት። ኮቢ ሱቁን ዘጋና የፀጥታ ኩባንያ ከፈተ። እኔም ማንኡላን፣ ማለትም ቁልፍ ሠሪ መሆኔ ቀረና «የመግቢያ ሥርዓት ቴክኒሻን» ተባልኩ፤ አርማ ያለበት ሸሚዝ አለበሱኝ። ተጣጣፊው ወንበር አልተሸጠም፤ ቪክቶር ለእኔ ሰጠኝ። ኮቢ መኪናው ውስጥ ሲያየው፣ «ዳኒ፣ ይሄ ለባሕር ዳር ሽርሽር ነው?» ይለኝ ነበር። እሱ በር ሳያይ፣ የሚያብረቀርቅ የሥዕል ወረቀት ብቻ ይዞ የሚሸጥ ሰው ነው።

እንግዲህ ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ። ራማት የዲዲም በሚባል ሰፈር ውስጥ የእኛ ሰዎች ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚውሉበት አንድ ክበብ ነበር። ሪኪ የምትባል ሴት ታስተዳድረዋለች። ሪኪ በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምትመጣው፤ የእኛ አሮጊቶች ግን ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ በስድስት ተኩል በሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ራሳቸው ከፍተው እንዲገቡ ለሁሉም ካርድ ተሰጠ። ለክበቡ በጀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ማን እንደመጣ ከዚያው ከአንባቢው መዝገብ ያያል።

ታዲያ ምን ሆነ? አንዷ ስትታመም ጎረቤቷን፣ «ካርቲሴን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ ለእኔም አስነኪልኝ» ትላታለች። ጎረቤትስ እንዴት እምቢ ትላለች? ስሟ ከመዝገብ እንዳይጠፋ አዝና ነው። አንዲት ሴት ሰባት ካርድ በላስቲክ አስራ መምጣቷን ሪኪ በዓይኗ አየች። መሥሪያ ቤቱ ጋ ሲደርስ ነገሩ ማጭበርበር ተባለ፤ ስብሰባ ተጠራ። ኮቢ የሥዕል ወረቀቱን ይዞ ሄደ፣ እኔንም «ቋንቋቸውን ታውቃለህ» ብሎ ወሰደኝ። እዚያ ስብሰባ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን ከፍቼ፣

«ካርድ ይዋሳል፣ ጣት ግን አይዋስም። የጣት አሻራ ይሁን» አልኩ።

ሁሉም ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ። ኮቢ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዛሬ ሳስበው ምላሴን ቢቆርጡኝ ይሻል ነበር።

አሻራ የማስገባቱ ቀን ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ተሰለፉ። አንባቢው አሻራ የሚቀበልበት ደረጃ አለው። ከፍ ስታደርገው ጥርት ያለውን ጣት ብቻ ይቀበላል፤ ዝቅ ስታደርገው የደበዘዘውንም ለዕለቱ እሺ ይላል፣ በማግሥቱ ግን ያንኑ ጣት አላውቅም ሊል ይችላል። የመጀመሪያዋ ሴት አልተቀበላትም። ሁለተኛው ሰውዬም አልተቀበለውም። እኔ ምን አደረግሁ? ደረጃውን ዝቅ አደረግሁት። ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ይዤ ተጫንኩ፣ ሁለት ሦስቴ ደጋገምኩ፤ በመጨረሻ አረንጓዴ በራ። ሁሉንም እንዲህ አድርጌ አስገባሁና ሪኪን አስፈርሜ ሄድኩ።

ወንበሩን አልዘረጋሁም። መኪናው ውስጥ ነበር። ግን እንዴት አድርጌ? ጎንደር ያደገ ሰው፣ አባቱንና እናቱን የሚያህሉ ሰዎች ቆመው ሳለ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እጃቸውን አፍጥጦ ያያል? ከፈረንጁ በር ፊት ስንት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ከራሴ ሰዎች ፊት መቀመጥ ግን አሳፈረኝ። ደግሞም አውቃቸዋለሁ ብዬ ነው። ከእነሱ የወጣሁ ሰው ምን ልመለከት?

ከዚያ በኋላ በመንገድ ሳገኛቸው፣ «በሩ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ደህና ነው» ይሉኛል። «ተመስገን፣ እጅህ ይባረክ» ይሉኛል። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ሌላ ነገር አልነገረኝም።

በክረምቱ አንድ ጠዋት ሪኪ ደወለች። አውቶቡስ አጥታ ክበቡ የደረሰችው ረፋድ ላይ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ተመልሰዋል፤ እማማ ያልጋነሽ ብቻ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ። ከስድስት ተኩል ጀምሮ ቆመው ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ቤታቸው ከሚቀመጡ ደጅ ቢቆሙ ይመርጣሉ። በዚያው ቀን ሳንባቸውን መታቸውና ቤት ሆሊም፣ ማለትም ሆስፒታል ገቡ፤ ሦስት ሳምንት ተኙ።

እኔ ወዲያው የአንባቢውን መዝገብ አወጣሁ። ከተተከለበት ማግሥት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ገጽ በገጽ ገለበጥኩ። በሩን የከፈተው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ የሪኪ ጣት። የሌላ ሰው አንድም የለም። ለካ ሽማግሌዎቹ በየጠዋቱ ጣታቸውን አኑረው፣ ቀይ ሲበራባቸው ዝም ብለው ወደ ግድግዳው ተጠግተው፣ ሪኪ እስክትመጣ ይቆሙና ያኔ የደረሱ መስለው ተከትለዋት ይገቡ ነበር። አንዱም ለሪኪ አልነገራት፣ አንዱም ለእኔ አልነገረኝ። ልጃችን የሠራው ነው፣ ሥራውን አናሳጣው ብለው ነው! ያን ወረቀት ይዤ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። በእነሱም ተናደድኩ፤ በራሴ ደግሞ የባሰ።

ኮቢ ግን ምን አለ? «ዳኒ፣ ፊርማ አለን፤ ቤሴደር ነው፣ ምንም ችግር የለም» አለ። ከዚያ የበለጠ ውድ የጣት አንባቢ የሥዕል ወረቀት አወጣልኝ።

ቪክቶር ጋ ደወልኩ። ከቤት አይወጣም ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ነበር?» አለኝ።

«አልተቀመጥኩም።»

«ሂድና ተቀመጥ» አለና ስልኩን ዘጋብኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁለት ጠዋት። ሽማግሌዎቹ ሲያዩኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ብርቄ ከቤት አባረረችህ?» እያሉ በሚስቴ ስም ቀለዱብኝ፤ አንዱ ሻይ አምጥቶ ሰጠኝ። ኀፍረቱ ፊቴን ቢያግለውም እጃቸውን አየሁ። ወንዶቹ ቀኝ እጃቸው ከዱላው አይለይም፤ ጣት አኑር ስትለው ዱላውን ልቀቅ ማለትህ ነው። ሴቶቹ የቤት ቁልፋቸውንም፣ የኩፓት ሆሊም የሕክምና ካርዳቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ፤ ለመፍታት ጥርስ ይጠይቃል። ቁጥር ማስታወስ የሚችሉ አሉ፤ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጆቹን ሁሉ ስልክ በቃሉ ያውቃል። አንድ ዓይነት መግቢያ ለእነዚህ ሁሉ ሊሆን አይችልም። ካርዱንም፣ ቁጥሩንም፣ ጣቱንም፣ ቺፕ የምንላትን ቁልፍ ማንጠልጠያ የምታህል ክብ ፕላስቲክም የሚቀበል አንባቢ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው አለ፤ የኮቢ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

መሥሪያ ቤቱን ማሳመን ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የበጀቱ ኃላፊ ሴትዮ፣ «ካርድ ከተመለሰ ማን እንደመጣ በምን እናውቃለን?» ብላ አንድ ሰዓት ተከራከረችኝ። የመዝገቡን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት።

«በእናንተ ማስረጃ መሠረት ስድስት ወር ሙሉ ክበቡ ውስጥ የዋለችው ሪኪ ብቻዋን ናት» አልኳት። «ምሳውን ሁሉ እሷ በልታዋለች ማለት ነው?»

ያን መዝገብ እስከዚያ ቀን ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ሴትዮዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። ከዚያ ፈረመች። ለታመመች ጎረቤት ማስነካቱ አሁንም ሳይቀር አይቀርም፤ እሱን እኔ አልፈታሁም፣ ልፈታውም አልፈለግሁም።

እማማ ያልጋነሽ ከቤት ሆሊም ከወጡ በኋላ ግን ክበቡ ዝር አላሉም። ሪኪ ሁለቴ ሄዳ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። እኔ የፈራሁት ይህን ነበር። አንዲት ባልቴት አራት ግድግዳ እያየች እንድትቀር ያደረግኋት እኔ ነኝ። አዲሱን አንባቢ ጣውላ ላይ ቸነከርኩና ከባትሪ ጋር አገናኝቼ ቤታቸው ይዤው ሄድኩ። ከጎንደር ጀምሮ ያውቁኛል፤ ከአንድ አገር ነን። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ።

«አንተ ምን አጠፋህ? መንግሥት ነው» አሉ። «ስገባ ወደዚህ አገር ጣቴን በቀለም ነክረው ወሰዱ። አሁን ደግሞ ይቺን ሴት አናውቃትም አሉ። አንድ ሰው ጣትሽን አላውቀውም ከተባለ፣ ውጪልን መባሉ አይደል?»

«መንግሥት አይደለም፣ እማማ። ዕቃው ነው። ጣትዎን ማንበብ አቅቶት ነው።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያን ጊዜ ገና በደንብ አየሁት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸክላ ያሸ፣ ገንቦና ጀበና በድንጋይ ሲያለሰልስ የኖረ ጣት ነው። ጫፉ ላይ አንዲት መስመር የለችም።

«አባትህ ብረት አልነበር የሚቀጠቅጠው?» አሉኝ። «የእሱን ጣት አይተህ አታውቅም?»

አይቻለሁ። ፍም በእጁ ሲያነሣ እያየሁ ነው ያደግሁት። እዚያ ሰልፍ ላይ የቆሙት ሁሉ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ወይም የገበሬ እጅ ያላቸው መሆኑን በናታንያ ካሉት ቴክኒሻኖች ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያንኑ ጣት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ተጫንኩት።

ቺፑን ሰጠኋቸው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ ከቤት ቁልፋቸው ጎን ቋጠሩት። «አሁን ቋጠሮውን ሳይፈቱ ጠጋ ያድርጉት» አልኳቸው። ጠጋ አደረጉት፤ በጨርቁ ውስጥ አልፎ አነበበ፣ አረንጓዴ በራ። ደግመው አደረጉት፣ ሠለሱት። ቀጥለው ጣታቸውን አሻራው ቦታ ላይ አኖሩ፤ ቀይ በራ።

«ይህቺንማ ከፈለጉ እዘጋታለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ተዋት» አሉ። «እምቢ ስትል እያየኋት ልግባ።»

አንባቢውን የተከልኩት ቀድሞ ከነበረው አንድ ክንድ ዝቅ አድርጌ ነው። ብርቱካን ገዝቼ፣ ሁለት ከረጢት ይዤ፣ ካርዴ ደረት ኪሴ ውስጥ እንዳለ ጎንበስ ብዬ ከፍቼ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስድስት ሰዓት ላይ ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አንዱ ቁጥር፣ አንዱ ካርድ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስነኩ ገቡ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ እማማ ያልጋነሽ የሉም። አይመጡም ብዬ ወንበሩን ሳጥፍ ከመንገዱ ማዶ አየኋቸው፤ ጎረቤታቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

በሩ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ጣታቸውን አኖሩ። ቀይ።

«ዛሬም አላወቅሽኝም? ደህና፣ አትወቂኝ» አሏት አንባቢዋን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስኪ አንተም አኑር።»

የቴክኒሻን ጣት ነው፤ የእኔ አሻራ አምና ከሁሉ አስቀድሞ ነበር የገባው፣ ትናንት ወደ አዲሱ ያዛወርኩትም ያንኑ ነው። ሳልጠራጠር አኖርኩ። ቀይ። ጠርጌ ደገምኩ። ቀይ። እጄን ገልብጬ አየሁት፤ ስንት ዓመት የብረት ፍቅፋቂና መሰርሰሪያ የበላው ጫፍ ተልጧል።

እማማ ያልጋነሽ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው እንደሆነ ጎረቤታቸው ኋላ ነገረችኝ።

«የቀጥቃጭ ልጅ!» አሉ፤ የእጄን አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አስነኩ፣ በሩን በትከሻቸው ገፉና፣ «ና፣ ከእኔ ጋር ግባ» አሉኝ።